ባሕር ዛፍ በምንትዋብ ጎንደር

ጥያቄ፦ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ላይ የጻፍኩት የፍቅር ልብ ወለድ የመጀመሪያ ክፍል ተወድዶልኝ ነበር። ሁለተኛውን ግን አንባቢዎች «ደከመ» አሉት። አሳታሚዬ ሦስተኛውን በስድስት ወር ጨርሺ ይለኛል፤ አባቴ ደግሞ በአካውንቲንግ ዲግሪሽ ባንክ ግቢ ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ ጋር የላክሻቸውን ሁለቱንም መጻሕፍት አንብቤያለሁ። አንባቢዎችሽ አልተሳሳቱም። በመጀመሪያው መጨረሻ ያጋባሻቸውን ሁለት ሰዎች፣ ከማይሆን ሰው እጅ በገባ አንድ ደብዳቤ ለያይተሽ ሦስት መቶ ገጽ አስኮረፍሻቸው። አንድ ማታ ፊት ለፊት ቢነጋገሩ የሚያልቅ ኩርፊያ ነው።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ገጽ 41 ነው። ልጁ ከእቴጌዪቱ ግቢ ከቁስቋም ቁልቁል ሲወርድ፣ እሷ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። ባሕር ዛፍ! ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ እቴጌዪቱ ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አማቲቱ የጥሎሽ አሞሌ ስትቆጥር ጫፉ የተሸረፈውን ለይታ ስትመልስ፣ ሴትዮዋን ከነኩራቷ ዐየኋት። ያንን የጻፈች እጅ ባሕር ዛፍ የተከለችው ስለ ቸኮለች ብቻ ነው። አንደኛው አራት ዓመት፣ ሁለተኛው ስምንት ወር እንደ ወሰደብሽ አንቺው ጽፈሽልኛል።

ለመሆኑ ደብዳቤ ምን አስፈለገሽ? ባለቤታቸው ዐፄ ባካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ከሞቱ በኋላ ምንትዋብ ሕፃኑን ልጃቸውን አንግሠው አገር እየገዙ፣ ከባካፋ የእህት ልጅ ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ወዳጅነት ጀመሩ። ሰው «ምልምል ኢያሱ» እያለ አማቸው፤ እሳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱለት። ከጋብቻ በኋላ የሚመጣ ጣጣ እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሞልቷል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ አባትሽን ስሚ። ደመወዝ ካለሽ አሳታሚ በስድስት ወር አያስጨንቅሽም። ሆኖም በገንዘብ ከፋይነት አትቀጠሪ፤ የዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ቤትሽ አትገቢም፣ የጎደለውም ከኪስሽ ይወጣል። በዋና መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ሞክሪ። ማታሽ ይተርፍልሻል።

ለአሳታሚው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ውሉን አውጥተሽ እይ። ሦስተኛው ክፍል በቀን ተወስኖ ከተጻፈበት የሕግ ባለሙያ ያንብብልሽ፤ ካልተጻፈበት ሁለት ዓመት ጠይቂ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። እስከዚያ የዓመት ፈቃድሽን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሳልፊው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ አረጋዊቷን እቴጌ ያገኛቸው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ አምስት ቅጽ የጉዞ ማስታወሻ ትቷል፤ ራሱን ማወደስ ቢወድም የሰዉን አለባበስና አበላል ልብ ብሎ ያያል።

ገጽ 41ን ግን ዛሬውኑ አርሚና ለአሳታሚው ላኪለት። ዳግም ከታተመ ልጅቷ ወይራ ሥር ትቁም።