መልስ፦ ግሪን ካርድ ይዞ ለተወዳዳሪ ገንዘብ ስለመስጠት

ግሪን ካርድ (የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ) ይዘህ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወዳዳሪ ገንዘብ መስጠት ትችል እንደሆነ፣ ወንድምህ የሚልከውንም ጨምረህ መስጠት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። ግሪን ካርድ ስላለህ ለተወዳዳሪው የራስህን ገንዘብ መስጠት ትችላለህ። ወንድምህ ከአዲስ አበባ ልላክልህ ያለውን 500 ዶላር ግን እንዳትነካው። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ዜጋ ገንዘብ ከፕሬዚዳንት እስከ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ድረስ ክልክል ነው፤ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለም አይችልም። ያንን ብር በስምህ ከሰጠህ ጥፋቱ ድርብ ነው፦ አንዱ የውጭ ገንዘብ፣ ሌላው በሌላ ሰው ስም መስጠት። በሱፐር ፓክ (ለምርጫ ቅስቀሳ ያለ ጣሪያ ገንዘብ በሚሰበስብ ቡድን) በኩል ይሁን ብትልም ያው ነው።

ለ2026 ምርጫ ጣሪያው ለአንድ ተወዳዳሪ 3,500 ዶላር ነው፤ ፓርቲ እጩውን የሚለይበት ቅድመ ምርጫና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ። መዋጮህ ተደምሮ ከ200 ዶላር ካለፈ ስምህና አሠሪህ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይወጣሉ። ክፍያውን በግል ካርድህ አድርገው፣ በመሥሪያ ቤት ካርድ እንዳይሆን። ወንድምህ መርዳት ካማረው ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይችላል።