ጥደው የሚረሱ እናት፣ ሌሊት የሚወጡ አባት

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ የመርሳት በሽታ አለባት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥዳ ትረሳለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳያይ ምድጃው ይግላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ የ24 ሰዓት ታይመር ገዛን፤ እሱም እየተዛባ አስቸገረን። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የገዛችሁት ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ በመብራት በሚሠራ ትንሽ ሞተር የሚዞር ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ታይመሩም ይቆማል፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ለምድጃ የሚሆነው በእጅ ተጠምዝዞ በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራው ታይመር ነው። 30 ደቂቃ ላይ ያደርጉታል፤ መብራት ኖረም አልኖረም ቆጥሮ ይጨርስና ይቆርጣል። 16 አምፒር የሚችል መሆኑን አይተው ይግዙ። ባለ አንድ ዓይን ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ1000 እስከ 1500 ዋት ስለሚወስድ አይከብደውም።

የእንጀራ ምጣድን ግን በዚህ አይሞክሩት። 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር መሆኑ ነው። ታይመሩ በአቅሙ ጫፍ ላይ ሲሠራ የውስጡ መገናኛ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ለምጣዱ ለብቻው ብሬከር ይውጣለት፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውንም ቢያንስ 25 አምፒር የሚችል ኮንታክተር (መብራት ሲያገኝ ብቻ ይዞ የሚቆይ ትልቅ ማብሪያ) ከስታርትና ስቶፕ ቁልፍ ጋር እንዲገጥም ይጠይቁት። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሲመለስ ሰው ስታርትን ካልተጫነ ምጣዱ አይነሳም። ሠራተኛው ረዳት መገናኛውን፣ ማለትም ስታርት ከተለቀቀ በኋላ ኮንታክተሩን ይዞ የሚያቆየውን፣ ሳያያይዝ ከቀረ ጣትዎን ሲያነሱ ይጠፋል። ያኔ «ቀላል ነው» ብሎ ስታርቱን በተራ ማብሪያ እንዳይተካው፤ ከተካው መብራት ሲመጣ ምጣዱ እንደ ድሮው ራሱ ይበራል። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ምጣዱን አብርተው ብሬከሩን ያውርዱ፣ መልሰው ያንሱ፤ ምጣዱ ሳይበራ መቅረት አለበት።

ለከሰል ይህን የሚያደርግ ታይመር የለም። የሚያያይዘው ሌላ ሰው ይሁን፤ ክብሪቱም ከእናትዎ እጅ ይራቅ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሌሊት በር ከፍቶ ይወጣል። የበር ማንቂያ ለጠፍን፤ በሩ ተዘግቶም ይጮኻል፣ አባቴም ይደነግጣል። ሰልችቶን አጠፋነው። ከውጭ ብንቆልፍበትስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይቆልፉ። እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም።

ማንቂያው ሁለት አካል አለው፤ በሩ ላይ ማግኔት፣ መቃኑ ላይ ባትሪ ያለው ሳጥን። በሩ ሲዘጋ በመካከላቸው ከ1 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ በሩ የተከፈተ ይመስለዋል። የብረት በር ደግሞ የማግኔቱን ጉልበት ወደ ራሱ ስቦ ያዳክመዋል፤ ጩኸቱ ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከሁለቱም ሥር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ያድርጉ። ፀሐይ የሚመታው ብረት ላይ ማጣበቂያው ስለሚለቅ በብሎን ይታሰር። ከፍ አድርገው ከበሩ ጫፍ ላይ ይግጠሙት፤ ዓይን ውስጥ ከገባ አባትዎ ሊነቅሉት ይችላሉ።

ድምፁን በተመለከተ፣ መንቃት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። የሚጮኸው ክፍል (ተቀባዩ) ከበሩ ተለይቶ ለብቻው የሆነውን ዓይነት ይምረጡና ተቀባዩን እርስዎ የሚተኙበት ክፍል ይሰኩት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለምን እንደሚነሱ ይዩ። ብዙ ጊዜ ሽንት ነው፤ መጸዳጃውን ፈልገው ሲያጡ ያገኙትን በር ይከፍታሉ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ ደብዘዝ ያለ መብራት ከጉልበት በታች ይደርደር፤ የመጸዳጃው በር ሌሊቱን ክፍት ይደር። የእርስዎን ስልክ ቁጥርም በጋቢያቸውና በኮታቸው ውስጥ ይስፉ። ያሉበትን ቦታ እንደሚጠቁም የእጅ ሰዓት አይወልቅም፣ ያን ያህል ዋጋ አያስወጣም፣ ባትሪም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ አገር ቤት ላለችው እናቴ ቀንና ሰዓት በትልቁ የሚያሳይ ዲጂታል ሰዓት ልልክላት ነው። ይጠቅማታል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እንዳለ ከላኩት ግራ ያጋባቸዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 7:00 ይላል፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢሞሉት ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ያለፈ ስለሚመስለው ፀሐይ ወጥታ ሳለ «ሌሊት» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚጠፋለትን ይምረጡ፤ ወይም ይተዉትና እዚያው በአገራችን ሰዓት የተሞላ፣ ነጭ ላይ በጥቁር ቁጥር የተጻፈበት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይገዛላቸው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ሰዓት ማንበብ የሚያውቁ ከሆነ አዲስ ነገር ተማሩ አይላቸውም። ከጎኑ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀል። በየጠዋቱ የሚቀይረው ሰው ከሌለ ግን ሰሌዳው ይቅር፤ የትናንቱ ቀን ተጽፎ ከዋለ ያሳስታል።

ገንዘቡን ባለ 28 ክፍል፣ በቁልፍ የሚዘጋ የመድኃኒት ማደያ ሣጥን ቢገዙበት ይሻላል። በሰዓቱ ጮኾ የዚያን ጊዜውን ክኒን ብቻ ያወጣል። የሚሞላው ሰው ጠዋት 2 ሰዓትን 2:00 ብሎ ከሞላው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስለሚጮኽ፣ ክዳኑ ውስጥ «ጠዋት 2 ሰዓት = 08:00፣ ማታ 2 ሰዓት = 20:00» ብለው ለጥፈው ይላኩት።