የአሞኒያው እኩልታ ቁጥሮች ምን ይቆጥራሉ?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በተመጣጠነው የአሞኒያ እኩልታ 1 ናይትሮጅን ከ3 ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ 2 አሞኒያ ይሰጣል። ታዲያ 1 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን 3 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ይፈልጋል ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። ጎበዝ ተማሪዎችም የሚሳሳቱበት ነጥብ ስለሆነ ረጋ ብለው ይመልከቱት፤ በእኩልታው ላይ ያሉት ቁጥሮች ሞሎችን (ሞል የቅንጣቶችን ብዛት የሚገልጽ መለኪያ ነው) የሚቆጥሩ እንጂ ክብደትን የሚለኩ አይደሉም። 1 ሞል ናይትሮጅን 28 ግራም ሲመዝን 3 ሞል ሃይድሮጅን ግን 6 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ሲዋሃዱ 34 ግራም አሞኒያ ይገኛል። በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን የሚፈልገው 214 ግራም ገደማ ሃይድሮጅን ነው። 3 ኪሎ ግራም ቢያቀርቡለት እንኳ ናይትሮጅኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ አብዛኛው ሃይድሮጅን ሳይዋሃድ ይቀራል፤ አሞኒያውም ከ1 ኪሎ ከ214 ግራም ገደማ አያልፍም። ስለዚህ ሁልጊዜ ግራሙን አስቀድመው ወደ ሞል ይለውጡ፤ ከዚያ በእኩልታው ንጽጽር ያስሉ፤ በመጨረሻም ወደ ግራም ይመልሱ።

በፋብሪካ ደግሞ ውህደቱ ተመላሽ (አሞኒያው መልሶ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን የሚከፋፈልበት) በመሆኑ በአንድ ዙር የሚገኘው አሞኒያ ከስሌቱ በእጅጉ ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ከተለየ በኋላ የተረፈው ጋዝ እንደገና ወደ ማዋሃጃው ይመለሳል።