የአባት ወገንም ይቆጠራል

«የአባቴ እህት በ38 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት። በእናቴ ወገን ግን ማንም የለም። እኔን ያሰጋኛል?» ላልሽው እህቴ፦ የኔም ታሪክ ካንቺው ስለሚመሳሰል ትንሽ ላጫውትሽ።

የኔ አክስት፣ የአባቴ እህት፣ የታመመችው በ41 ዓመቷ ነው። ያኔ እዚሁ መሀል ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ስጠይቅ ሐኪሙ «እናትሽ ጤነኛ ናት?» አለኝ። አዎ ስለው «በቃ አትጨነቂ» ብሎ ሸኘኝ። ተሳስቷል። አባትሽ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም የተበላሸ ዘረ መል ሊያወርስሽ ይችላል።

ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 የሚባሉ ዘረ መሎች ሁላችንም አሉን። ሥራቸው የተጎዳ ዲኤንኤ መጠገን ነው። የተበላሸውን የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰርም ያሰጋታል። ደግሞ አትደንግጪ፤ ከጡት ካንሰር በዘር የሚመጣው ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው።

አንድ እሑድ አራት ኪሎ አባቴ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ የካላንደር ወረቀት ገልብጬ የዘመድ ስም መጻፍ ጀመርኩ። አያቴስ በምን ሞተች? «በሆድ ሕመም» አለ አባቴ። አክስቴ ስኒውን እያቀበለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሆዷ አብጦ እኮ ነው። ውሃ ይቀዱላት ነበር» አለች። በኋላ ያየችን ባለሙያ ወረቀቱን ስታነብ እዚያች መስመር ላይ ቆመች። የኦቫሪ ካንሰር ሆድን በውሃ ሊሞላ ይችላል አለችን። እኛ ቤት ነቀርሳ የሚባል ቃል በስሙ አይጠራም፤ እናንተም ቤት «ምች»፣ «ሆድ ሕመም» ከተባለ አጥብቀሽ ጠይቂ።

የዘረ መል ምርመራውን መጀመሪያ አንቺ አታድርጊ። የታመመችው አክስትሽ ትቅደም። የሷ ሳይታወቅ ያንቺ «የለም» ቢባል ብዙ አይነግርሽም። እኛም እንደዚያ አደረግን፤ የአክስቴ ደም ውጭ አገር ተልኮ ሳምንታት ቆየ፣ ኪስም ጎዳ። ቢአርሲኤ 2 ላይ ጎጂ ለውጥ ተገኘ። ከዚያ እኛ ላይ የሚፈለገው ያችው አንዷ ለውጥ ብቻ ሆነች።

አባቴ ላይ አለ። እኔ ላይ የለም። ወንድሜ ላይ ግን ተገኘ። «ወንድ ምን ጡት አለው!» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አለው እንጂ። የተበላሸ ቢአርሲኤ 2 በወንድ ላይ የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለ የወንድ እጢ) ካንሰርንም ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ አሁን ሕፃናት ናቸው፣ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስናሉ። ለውጡ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በኤም.አር.አይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ መሣሪያ) ክትትል ትጀምራለች። እኔ እንደማንኛዋም ሴት ነኝ፤ ነፃ ነኝ ማለት ግን አይደለም።

አንዳንዴ ውጤቱ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይላል፤ ጎጂ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም ማለት ነው። እኛ አፍሪካውያን በጥናቶቹ ውስጥ ጥቂት ስለሆንን ይሄ ያጋጥመናል። በሱ ተነስተሽ ቀዶ ሕክምና እንዳትገቢ።

ጡትሽ ላይ እብጠት ከዳሰስሽ ግን ዘር ቆጠራውን ተይውና ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂጂ።