ጥያቄና መልስ፦ ለሰኩለንት የሚሆን ትንሽ ግሪንሃውስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ሰኩለንቶቼ (በወፍራም ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች) ከግንዳቸው እየጠቆሩ በሰበሱብኝ። በጓሮዬ 2 በ3 ሜትር ቦታ አለኝ። ግሪንሃውስ ልሠራላቸው አስቤያለሁ፤ ከምን ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከጣሪያው ይጀምሩ። ተክሎችዎን የጎዳቸው ብርዱ ሳይሆን ሥራቸው ከሰኔ እስከ መስከረም ሳይደርቅ መክረሙ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚያስፈልግዎት ዝናቡን ከልክሎ ነፋሱን የሚያሳልፍ ቤት ነው። አራቱንም ጎን በፕላስቲክ ከዘጉት በበጋ ቀትር ውስጡ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

ስድስት የተላጡ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይግዙ፦ ለፊት ሦስት ባለ 3 ሜትር፣ ለኋላ ሦስት ባለ 2.50። ሁሉም 60 ሳንቲ ሜትር ይቀበሩ፤ የሚቀበረውን ክፍል ለምስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡት። ፊቱ 2.40፣ ኋላው 1.90 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህችን የ50 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት አይቀንሱ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃና በረዶ ይጠራቀምበትና ፕላስቲኩን አሰርጉዶ ይቀደዋል። በዚሁ ምክንያት የጣሪያው ማገሮች ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ፤ በየጎኑም 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብለው ይሠሩ።

ፕላስቲኩ ላይ አይቆጥቡ። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት፣ ፀሐይ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ባለ 200 ማይክሮን ፕላስቲክ 3.20 በ4.20 ሜትር ይበቃዎታል። ተራው የግንባታ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ቶሎ ደርቆ ይፈረካከሳል። ነፋስ በሌለበት፣ ሞቅ ባለ ሰዓት ወጥረው ይዘርጉት፤ በብርድ የተዘረጋ ፀሐይ ሲያገኘው ይረግባል። ሚስማሩ በቀጥታ ፕላስቲኩን አይብሳው፤ ከላይ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭና ቀጭን ጣውላ ያድርጉበት። ፕላስቲኩ የሚያርፍበትን እንጨት ነጭ ቀለም ይቀቡት፤ ጠቆር ያለ እንጨት ይግልና ፕላስቲኩን በዚያው መስመር ያሳሳዋል።

ጎኖቹን ከታች 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ለፍንጣቂ ይሸፍኑና የቀረውን በወንፊት ሽቦ ይዝጉ። ዝናብ በሚገፋበት ጎን የሚጠቀለል የፕላስቲክ መጋረጃ ይጨምሩ። ወለሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ያልብሱ፤ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፍሩ።

ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን የሚለው ምክር ለአውሮፓ ነው። እኛ ዘንድ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የግንብና የዛፍ ጥላ የማይደርስበትን ቦታ ይምረጡ፤ ተዳፋቱንም ውኃው ወደሚሄድበት ያዙሩት።

ጥያቄ፦ ዋልካ አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ ብተክል ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ደቃቅ አሸዋ ዋልካን አያላላውም፤ ድብልቁ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲርስ ውኃ ይቋጥራል። ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይውሰዱና ዱቄቱን በወንፊት አራግፈው ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያስቀሩ። ከዚህ ሁለት እጅ፣ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ ይቀላቅሉ። ዱቄቱ ከቀረ ወደ ታች ይወርድና የመትከያ ዕቃውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በበጋ በየ10 እስከ 14 ቀን፣ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። በክረምት ወር ሙሉ ውኃ ባያገኙም አይጎዱም።

ጥያቄ፦ ከሳሎን አውጥቼ ግሪንሃውስ ውስጥ ባስገባኋቸው በሦስት ቀን ቅጠላቸው ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ወጣ። በሽታ ነው?

መልስ፦ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ አይዛመትም፣ ጠባሳው ግን አይጠፋም። ፕላስቲኩ ብርሃኑን እምብዛም አይቀንሰውም፤ በከፍታችን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚያጠላ መረብ ከፕላስቲኩ በታች ይወጥሩና ለሁለት ሳምንት ያለማምዷቸው። ከቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካዩ ግን እሱ ተባይ ነው፤ 70 በመቶ አልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉት፣ ከዕቃው አውጥተውም ሥሩን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላይም ይኸው ይሠራል?

መልስ፦ ፕላስቲኩን ይተዉት። እናንተ ጋ የሚያስፈልገው ጥላ ነው፦ በእነዚሁ ቋሚዎች ላይ 50 በመቶ የሚያጠላ መረብ ይዘርጉ፤ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ።