መልስ፦ ከወረዳ ምክር ቤት ወደ ፓርላማ

ሰላም ወንድሜ፣ በማቻከል ወረዳ ምክር ቤት ማገልገል በራሱ ለተወካዮች ምክር ቤት ያበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። አያበቃም፤ እንደ አዲስ ዕጩ ሆኖ መቅረብና መመረጥ ግድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ምርጫው በየ5 ዓመቱ ሲሆን፣ በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ተቀራራቢ ሐሳብ ያላቸው ሁለት ዕጩዎች ድምፁን ሲካፈሉት ሦስተኛው ሊያሸንፍ ይችላል፤ ይህን ሳያሰሉ መግባት ከባድ ስህተት ነው።

ለፓርላማ ስትወዳደር የወረዳን ሥራ እሠራለሁ ብለህ ቃል አትግባ። ለምሳሌ ማዳበሪያ ሲዘገይ፣ ከውጭ ግዥው የፌዴራል መንግሥት፣ ገበሬው እጅ ማድረሱ ደግሞ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእነሱ ጥምረት የሆነው የዩኒየን ሥራ ነው። የቱ ላይ እንደተሰናከለ ለይተህ መናገር ከቻልክ የወረዳ ልምድህ በእውነት ይጠቅምሃል። የተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ስለሚሠራ፣ መራጩን መቼ እንደምታገኝም ከወዲሁ አስብበት።