«ራስህን አስተካክል» ለተባለች የሂሳብ ባለሙያ

ትራንስጀንደር እንደሆንሽ፣ በወንድነት ተመዝግበሽ ብታድጊም ራስሽን የምታውቂው በሴትነት እንደሆነ ጽፈሽልኛል። በሂሳብ አያያዝ በደረጃ አራት ተመርቀሽ የብቃት ምዘናውን ብታልፊም፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ድርጅቶች የጽሑፍ ፈተናቸውን ካለፍሽ በኋላ በድምፅሽና በአረማመድሽ ምክንያት ከቃለ መጠይቅ መልሰውሻል። ለሥራ ፍለጋሽ ገንዘብ ያወጣልሽ ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ራስህን አስተካክል፣ ሥራው ይመጣል» እያለሽ ነው።

ወንድምሽ ተሳስቷል። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ላለው ነገር ነው፤ መማር፣ ምዘናውን ማለፍና በቀጠሮ ሰዓት መገኘት በእጅሽ ነበሩ፣ ሁሉንም ፈጽመሻል። ከዚያ በኋላ በድምፅሽ የመለሰሽ ሰው ለውሳኔው ተጠያቂው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ህንድ የኮቺ ከተማ ሜትሮ ባቡር ከ20 የሚበልጡ ትራንስጀንደር ሰዎችን ቀጥሮ ነበር፤ ከእነርሱ 8ቱ ብዙም ሳይቆዩ ሥራቸውን የለቀቁት ቤት የሚያከራያቸው በማጣታቸው ነው። ወንድምሽ እነዚህንም ራሳችሁን አስተካክሉ ይላቸው ይሆን? ለሥራ ፍለጋሽ ያወጣው ገንዘብም ማንነትሽን የመወሰን መብት አይሰጠውም። ይሁን እንጂ የራስሽን ክፍል የምትከራዪበት ገንዘብ እስክታጠራቅሚ ድረስ አትሟገቺው፤ ደኅንነትሽ ይቀድማል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪ በጾታም ሆነ በሌላ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሆኖም ክስ ጉዳይሽን አደባባይ ስለሚያወጣውና በአገራችን ይህ ከባድ ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ ወደዚያ አልገፋፋሽም። ለአሠሪ ስለ ራስሽ የመንገር ግዴታም የለብሽም።

ያነሳሽውን በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የመሻገር ሐሳብ ፈጽሞ ተዪው፤ የሚጠብቅሽ ከዚህ የባሰ ነው። አዲስ አበባ መሄዱ ግን የሥራ ልምድ ከያዝሽ በኋላ ይደርሳል።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የደሴ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዝ ነበር፤ አንቺንም ከፋብሪካ ቅጥር ይልቅ ወደዚያ ብትሄጂ እመርጣለሁ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፣ ዓመታዊ ሂሳቡንም ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ይኖርበታል፤ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነ ደግሞ ቫቱንም በየጊዜው ያሳውቃል። ደረሰኙ በካርቶን ተከምሮ ቀኑ የደረሰበት ነጋዴ የሚጨነቀው ግብር ቢሮው ሂሳቡን ይቀበለው እንደሆነ ነው። ይህ ሥራ ከአድልዎ ነጻ ነው አልልሽም፤ ነገር ግን አብዛኛው በወረቀትና በኮምፒውተር የሚያልቅ ስለሆነ፣ ሰው ከአረማመድሽ አስቀድሞ ሥራሽን ያያል። ለብቻሽ ለመሥራት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ዘንድ ሂሳብ በፒችትሪ (የሂሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም) በመመዝገብ ጀምሪ። ከማስረጃሽ ጋር ራስሽ የሠራሽውን የሙከራ ሚዛን (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ዝርዝር) አትመሽ ያዢ፤ በሐምሌ ሥራ ስለሚበዛባቸው፣ ሰኔ ከማለቁ በፊት አነጋግሪያቸው።